ላላጨሰ ሰው የማጨስ ማቆሚያ

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው የቴሌግራም ቦት እንድሠራለት አነጋገረኝ። ሥራው ቀላል ነበር። ደንበኛው ጣዕም ይመርጣል፣ ያለበትን ቦታ ይልካል፣ በስልኩ ይከፍላል፣ ሞተረኛ ያደርስለታል። ማንጎ፣ ሐብሐብ፣ እንጆሪ፣ ሚንት። ዕቃው ቬፕ ነው። "የዕድሜ ማረጋገጫ ላስገባበት?" ስለው ሳቀ። "ደንበኛ ልታባርርብኝ ነው እንዴ?" አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በአራት ቀን ጨርሼ ብሬን ተቀበልኩ።

ይህን የምነግራችሁ ከዚህ በታች የምለውን ስል የት ቆሜ እንደምናገር እንድታውቁት ነው። ንጹሕ ሰው አይደለሁም።

ያኔ ሕጉን አላውቀውም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለማወቅም አልሞከርኩም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከሺሻና ጣዕም ከተጨመረበት ትምባሆ ጋር አንድ ላይ ከልክሎታል። ማስገባትም መሸጥም አይቻልም። ስለዚህ የዕድሜ ማረጋገጫ ጥያቄዬ ራሱ አስቂኝ ነበር፤ ለማንም መሸጥ በማይቻል ዕቃ ላይ መታወቂያ ልጠይቅ።

ዐምና ታናሽ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቱን ጨርሶ አዲስ አበባ እኔ ጋ አረፈ። ልብሱን ላጥብለት ኪሱን ስፈትሽ ሃይላይተር የሚመስል ነገር አገኘሁ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቬፕ ነዋ።"

"ማጨስ ጀመርክ?"

"ኧረ ተው ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሲጋራ አይደለም።"

ከየት እንደገዛው አልጠየቅሁትም። መልሱን ፈርቼ ነው።

ያደግነው ደብረ ዘይት ነው። ሐይቅ ማሰብ የጀመራችሁ ተዉት፤ ቢሾፍቱን ማለቴ አይደለም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ መተከል ዞን፣ ወንበራ ወረዳ ያለችው ደብረ ዘይት ናት። (ይህን ማብራሪያ በሕይወቴ ስንቴ እንደሰጠሁ እኔ ነኝ የማውቀው።) በእኛ አገር ትምባሆ ብርቅ አይደለም። ትልልቅ ሰዎች ጋያ ያጨሳሉ፤ ቅል፣ ውኃ፣ ፍም፣ ትምባሆ። ጋያ ጤና ነው አልልም። የጎረቤታችን የእማማ ሳል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ ሌሊት ሌሊት ግድግዳውን አልፎ ይመጣ ነበር። ግን ጋያ አይዋሽም። ይሸታል፣ ይንቦቀቦቃል፣ ያስላል። ጋያ ኪሱ ከትቶ ክፍል የገባ ተማሪ አይቼ አላውቅም።

ቬፕ እንዲዋሽ ሆኖ የተሠራ ነገር ነው። ሲጀመር ግን እንዲህ አልነበረም። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ኸርበርት ጊልበርት የተባለ አሜሪካዊ በ1963 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ሲጋራ ብሎ የፈጠራ መብት አመለከተ፣ ገበያ ግን አላገኘም። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት በ2003 የሠራው ሆን ሊክ የሚባል ቻይናዊ ፋርማሲስት ነው። ራሱ አጫሽ ነበር። ሐሳቡን አከብረዋለሁ፦ ባትሪው ፈሳሹን ያሞቃል፣ ኒኮቲኑ በእንፋሎት ይገባል፣ የሚቃጠል ቅጠል ስለሌለ ከቃጠሎው የሚመጣው ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀራል። መተው ላቃተው ሰው የታሰበ ነገር ነው።

ከዚያ ሁለት የስታንፎርድ ተማሪዎች መጡ፤ ጄምስ ሞንሲስና አዳም ቦወን። በ2015 ጁልን ለገበያ አቀረቡ፤ ፍላሽ ዲስክ የሚመስለውን። ሰው ሁሉ ስለ ቅርጹ ያወራል። ትልቁ ሥራ ግን ፈሳሹ ውስጥ ነው። ተራ ኒኮቲን መጠኑ ሲበዛ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ጀማሪ ያስለዋል፣ ያስጠላዋል፣ ያቆማል። እነሱ ቤንዞይክ አሲድ ጨምረው ኒኮቲኑን ጨው አደረጉት። መቧጠጡ ጠፋ። አሁን ብዙ ኒኮቲን ያለ ሳል ይገባል። የሙያ ጓደኞቼ ይህ ወዲያው ይገባችኋል፦ ኤረሩ እንዳለ ነው፤ ኤረር ሜሴጁን ነው ያጠፉት። በ2017 ከአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 11.7 በመቶው ቬፕ ይጠቀም ነበር፤ በዓመቱ 20.8 በመቶ ደረሰ። በዚያው በ2018 መጨረሻ የማርልቦሮ ሻጭ የሆነው አልትሪያ ከጁል 35 በመቶውን በ12.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ማርልቦሮ የሚሸጥ ኩባንያ ለማጨስ ማቆሚያ ይህን ያህል ሲከፍል እናንተ ምን ትላላችሁ?

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ቲክቶክ ላይ ቬፕ የሚያሻሽጡ ልጆች አንድ ቁጥር ይወዳሉ፦ "ከሲጋራ 95 በመቶ ያነሰ ጉዳት አለው።" ቁጥሩ የመጣው የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት በ2015 ካወጣው ሪፖርት ነው። ብዙ አከራክሯል፤ ለክርክሩ ስል ግን እንዳለ ልቀበለው። "ከሲጋራ" የምትለዋን ቃል ተመልከቷት። በእንግሊዝ ሚሊዮኖች ያጨሱ ነበር፤ ለእነሱ ማወዳደሪያው ሲጋራ ነው። (እሷም ብትሆን አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ቬፕ በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ከልክላለች።) በኢትዮጵያ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከአዋቂው 5 በመቶ ገደማ ነው። የቀሩት 95ቱ ከምን ሊድኑ ነው? ከንጹሕ አየር?

ወንድሜን ከሲጋራ ያወጣው ነገር የለም፤ ሲጋራ ውስጥ አልነበረማ። ያጋጠመው ተቃራኒው ነው። ፈተና ሰሞን ቬፑ አለቀበት፣ መግዣ አጣ፣ ከዶርም ልጅ ጋር ወጥቶ ኒያላ በነጠላ ገዛ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ሲጋራ። ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው።

"ኒያላ በየሱቁ እየተሸጠ ቬፕ መከልከል ግብዝነት ነው" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ግብዝነት ነው። መንግሥት ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን በ2016 እ.ኤ.አ. ለጃፓኑ ጄቲ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፣ በኋላም ጨምሮ ሸጠለት፤ የጄቲ ድርሻ ዛሬ ከ70 በመቶ በላይ ነው። ግን ይህ መከራከሪያ ለቬፕ የሚያግዝ ከመሰላችሁ አንድ ታሪክ ልጨምር። ሞንሲስና ቦወን ከጁል በፊት "ፕሉም" የሚባል ዕቃ ነበራቸው። በ2015 ስሙን ከነቴክኖሎጂው ማን ገዛቸው? ጄቲ። ዛሬም በሌሎች አገሮች ፕሉም እያለ ይሸጠዋል። ኒያላና ቬፕ የሚፎካከሩ ይመስላችኋል እንጂ ጓዳቸው አንድ ነው።

ሃያ ዓመት አጭሶ መተው ያቃተው ሰው ካለ፣ ለእሱ በሐኪም ትእዛዝ ፋርማሲ ይሰጠው፤ በዚህ አልከራከርም፣ ሕጉም ለእሱ ቀዳዳ ቢተው ደስ ይለኛል። የእኔ ቦት ግን እሱን አያውቀውም። ቦቱ የሚያውቀው ሐብሐብ የሚመርጠውን ነው። የሺሻ ዕቃ ከየቤቱ ተሰብስቦ ሲወገድ በዜና እናያለን፤ ሺሻ ቤት በር አለውና ፖሊስ ይገባበታል። ለቬፕ በሩን የሠራነው እኛ ነን፤ ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የተማርነው፣ "እኔ ኮድ ነው የጻፍኩት" የምንለው። በቃ፣ ይህቺን ሰበብ ለራሴ ብዙ ጊዜ ብያታለሁ። ማድረሻውን፣ መክፈያውን፣ "አዲስ ጣዕም ገብቷል" የሚለውን የሌሊት መልእክት ሳይቀር በእጄ ነው የጻፍኩት። መልእክቱ በሦስት ሰዓት እንዲላክ የመረጥኩትም እኔ ነኝ፤ ተማሪ ዶርም የሚገባበት ሰዓት ስለሆነ።

ሰውየው ባለፈው ወር እንደገና ጻፈልኝ። ሌላ ከተማ ሊጨምር ነው፣ ስድስት አዲስ ጣዕምም አለው። ማንበቤን አይቷል፤ አልመለስኩለትም። ሥራውን ሌላ ልጅ እንደሚወስደው አውቃለሁ። ያ ልጅ ይህን እያነበብክ ከሆነ ጻፍልኝ፤ የሌሊቱን መልእክት የሚልከው ፋይል የትኛው እንደሆነ አሳይሃለሁ።