ፔትሪ ዲሽ ላይ የቀረ ተስፋ

የቡና አጠውልግ በሽታ የያዘው ዛፍ ግንዱ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ቅርፊቱ ሲፋቅ እንጨቱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ገበሬው ይህን ካየ በኋላ የሚረጨው መድኃኒት የለም፤ ነቅሎ እዚያው ማቃጠል ብቻ ነው።

ስለዚህ ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያን ቡናውን ይጠብቁታል ሲባል ደስ የማይለው የለም። ተስፋው እውነተኛ ነው። የምቃወመው የሚለካበትን መንገድ ነው። ከቡና ሥር አፈር ይወሰዳል፤ ትራይኮደርማ የሚባለው ፈንገስ ተለይቶ ይወጣል፤ ፔትሪ ዲሽ በሚባል የላቦራቶሪ ሳህን ውስጥ፣ ከድንችና ከስኳር በተዘጋጀ ምግብ ላይ፣ በሽታውን ከሚያመጣው ፈንገስ ከፉዛሪየም ትይዩ ይደረጋል። በሳምንት ውስጥ አረንጓዴው ትራይኮደርማ ፔትሪ ዲሹን ሞልቶ ፉዛሪየሙን ጥግ ያስይዘዋል። ምን ያህል እንደገታው በመቶኛ ይሰላል፣ ጽሑፉ ይታተማል፣ ቀጣዩ ተመራማሪም አዲስ አፈር ይዞ ያንኑ ይደግማል።

ፔትሪ ዲሹ ላይ ግን የቡና ሥር የለም። በጋ የለም፤ ምግቡን የሚሻማ ሌላ ተሕዋስ የለም። ከሁሉም በላይ ቁስል የለም፤ በሽታው በአብዛኛው የሚገባው በአረም ጊዜ ዶማው ወይም ገጀራው ግንዱን በጨረፈበት በኩል ነውና። የተያዘው ዛፍ እስኪደርቅም ወራት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ለማስተርስ በተሰጠ አጭር ጊዜ ይህን ማየት አይቻልም። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ በጀቱን ከመመረቂያው ጋር የሚዘጋው አሠራር ጥፋት ነው።

ትራይኮደርማ የሚሠራው ቀድሞ ሲገኝ ነው። ቦታና ምግብ ይይዛል፤ በጠላቱ ክሮች ላይ ተጠምጥሞ ግድግዳቸውን በኢንዛይም ያሟሟል። የጠወለገ ዛፍ ግን አያስነሳም። ስለዚህ መሞከር ያለበት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ፣ ፕላስቲኩ በሚሞላበት አፈር ላይ ነው። ችግኞቹ በሽታው በገባበት ማሳ ይተከሉ፤ ከጎናቸው ትራይኮደርማ ያልተሰጣቸው፣ ሌላ ጥግ ላይ ደግሞ ግንዳቸው እንዳይቆስል በእጅ ብቻ የሚታረሙ ይኑሩ። ስንቱ ደረቀ፣ ስንቱ ቆመ የሚለው ለዓመታት ይመዝገብ። በእጅ ማረሙ ከትራይኮደርማው በልጦ ከተገኘም ገበሬው ያንኑ በግልጽ ይነገረው።

ገበሬው አይቀበለውም የሚለው ሰበብ አያስኬድም። ለባቄላና ለአኩሪ አተር የሚሆን ራይዞቢየም የሚባል ጠቃሚ ባክቴሪያ እዚሁ አገር ተመርቶ፣ በፓኬት ታሽጎ ገበሬው እጅ ገብቷል፤ ዘሩን እያሸ ይዘራበታል። ቡናው የጎደለው ማሳ ላይ ለዓመታት የሚቆይ ተመራማሪና እሱን የሚያቆይ በጀት ነው።