«መጀመሪያ የሦስት መቶ ሺህ ብር መጋዝ ግዙ!»

የቴሌቪዥን አናጢ ነገር ይገርመኛል። እንጨቱ ቋጠሮ የለበትም። ሳንቃው አይጣመምም። ኮላው ሳይደርቅ ማስታወቂያ ይገባና ሲመለስ ደርቆ ይጠብቀዋል። በግማሽ ሰዓት ቁም ሣጥን ሠርቶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ላብ እንኳ ሳይወጣው ፈገግ ይልና «እናንተም ቤታችሁ ትችላላችሁ» ይለናል። እንዴ! ማነው «እናንተ»? ላሊበላ ላይ መብራት መጣች ሄደች እያለ የሚያመሸው እኔ ነኝ? ወይስ ቡግና ውስጥ በጥልቆ ሞፈር የሚጠርበው ገበሬ?

እኔ እንጨት መጥረብ የምወድ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ብዕር ነው (እሱም ሲገኝ)፤ ቅዳሜና እሑድ ግን መሮና መዶሻ ይዤ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ዱካ፣ መደርደሪያ፣ አንዳንዴም ደፈር ብዬ አትሮንስ እሞክራለሁ። ስለዚህ በዲሽ የሚመጣውን፣ አሁን አሁን ደግሞ በስልክ የሚዞረውን የእንጨት ሥራ ፕሮግራም ሳላስታጉል ተከታትያለሁ። በመጨረሻ እጄ ላይ የቀረው ግን ሙያ አይደለም፤ የሌለኝ ዕቃ ዝርዝር ነው።

የዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ቁንጮ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 የታየው «ዘ ኒው ያንኪ ወርክሾፕ» ነው። አቅራቢው ኖርም አብራም ግሩም አናጢ ነው፤ በሙያው ልነካው አይቃጣኝም። ግን ወርክሾፑን ተመልከቱት። የሚሰነጥቀው ማሽን አንድ፣ የሚልገው ሌላ፣ የሚበሳው ሌላ፣ የሚያለሰልሰው ደግሞ ሌላ። ከስፖንሰሮቹ መካከል እነማን አሉበት? ዴልታና ፖርተር ኬብል። ሁለቱም የእንጨት ሥራ ማሽን ነጋዴዎች! እኛ ጠረጴዛ ሲሠራ ያየን ይመስለናል እንጂ የምናየው ሱቅ ነው። ደመወዛቸው በዶላር የሆነው አሜሪካኖቹ እንኳ፣ ለጨዋታ ያህል እንጨት የሚነካኩት ሁሉ፣ በዚህ ነገር ሲያጉረመርሙ ኖረዋል። እነሱ ካጉረመረሙ እኛ ምን እንበል?

ደግሞ በዚያው አገር ሌላ ሰው ነበር። ሮይ አንደርሂል ይባላል፤ ፕሮግራሙ «ዘ ዉድራይትስ ሾፕ»። ከሠላሳ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ቀርቦ በመጥረቢያ፣ በእጅ መጋዝና በመሮ ብቻ ሠርቷል። ያልበዋል፣ ይጣደፋል፣ ካሜራ ፊት እጁን ቆርጦ እየደማም ይቀጥላል። ለላስታ ሰው የሚሆነው ይሄ ነበር። ታዲያ የዓለምን ስክሪን የወረሰው ማነው? ባለማሽኑ! መጥረቢያ አንዴ ከተገዛ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ማስታወቂያ ማን ይከፍልበታል?

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በእነዚህ ፕሮግራሞች የምናየው ትልቁ የጠረጴዛ መጋዝ በአሜሪካ ገበያ 3000 ዶላር ያልፋል። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ 171,000 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት ብርን ለገበያ ለቀቀው፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላር መቶ ብርን አለፈ፤ ያው መጋዝ ከ300,000 ብር በላይ ሆነ። መጋዙ አልተለወጠም፤ ጥርስ እንኳ አልጨመረም። ማጓጓዣውንና ቀረጡን ገና አልነካሁትም። መጋዙ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከዚያ በወልድያና በጋሸና ዳገት ወጥቶ ላሊበላ ገባ እንበል። በምን ይሽከረከራል? በጸሎት? ከተማዋ ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአንዱ ኃይል እጅ ወደ ሌላው ስትገባ ስትወጣ ለወራት መብራት አልነበራትም። ወገብ ቀና ሊል ሲል ደግሞ የ2015 ነሐሴ ጦርነት መጣ፤ ኢንተርኔቱም ተዘጋ። በኮሮና የሸሸው ቱሪስት ሳይመለስ፣ መስቀልና ምስል እየጠረቡ የሚሸጡ ልጆች ዕቃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀመጡ። ለእነዚህ ልጆች ነው እንግዲህ «መጀመሪያ ማሽን ያስፈልጋችኋል» የሚባለው!

ማሽን የሌለው ሰው እንጨት አይሠራም የሚል ካለ እጁን ይዤ ይምርሐነ ክርስቶስ ልውሰደው። ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ ዋሻ ውስጥ ተሠርቶ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕንፃው እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት አልተፈለፈለም፤ የተገነባ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ጣሪያው ከውስጥ በጌጠኛ የእንጨት ሥራ የተሞላ ነው። ስምንት መቶ ዓመት አልፎታል። ሰዎቹ ብሎን አልነበራቸውም፣ ብርጭቆ ወረቀት አልነበራቸውም። የእንጨት ማገጣጠም ዕውቀት ግን ነበራቸው፤ ዕንጨቱ ዛሬም እንደተያያዘ ነው።

ከዚያ ወደ ከተማ እንመለስና ቤተ አማኑኤልን እንይ። ያ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሕንፃ ምን እንደሚመስል ልብ ብላችኋል? እንጨት ነው የሚመስለው! ግድግዳው ገባ ወጣ የሚለው የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ ረድፍ ለመምሰል ነው። መስኮቶቹ ማዕዘን ላይ ብቅ ያሉት ጉጦች የእንጨት አግዳሚ ጫፎች አምሳል ናቸው። የድንጋይ ጠራቢው የአናጢን ሥራ አክብሮ በአለት ላይ ቀዳው ማለት ነው። ሌሊት ሌሊት መላእክት አግዘዋል ይላል ትውፊታችን፤ መልካም፣ እኔም አምናለሁ። መላእክቱ ግን ትራፓኖ ይዘው መጡ አልተባለም። ደግሞ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በዘመናችን ጋሸና አካባቢ «ዳግማዊ ላሊበላ» የተባሉ አብያተ ክርስቲያናት በእጅ መሣሪያ ከአለት ተፈልፍለዋል።

ይህን ስል «አርፋችሁ በአያቶቻችሁ መሮ ቆርቁሩ» ማለቴ እንዳይመስልባችሁ። ማሽን አልጠላም፤ ቢሰጡኝ እወስዳለሁ። የእጅ ሥራም ችግር ሞልቶታል። የላስታ መሮ ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚቀጠቀጥ ነው። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው። ቀጥቃጩ ሲያጠጣው ልኩን ከሳተ ግን አንድም አፉ ይሸረፋል፣ አንድም ይታጠፋል፤ ወይራ ላይ ካሳረፉት ደግሞ ወዲያው ይዶለዱማል። ባህር ዛፉ እርጥቡን ከገበያ ይገዛና በሳምንቱ በር ይሆናል፤ በወሩ በሩ አይዘጋም። ማን ነው ለዚህ ልጅ የመሮ አፍ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ተስሎ ጀርባው ዝርግ መሆን እንዳለበት ያሳየው? የግንዱን ሁለት ጫፍ ሰም ወይም ቀለም ቢቀቡት ስንጥቁ እንደሚቀንስ፣ ሁለት ሣንቲ ተኩል ውፍረት ያለው ሳንቃ በጥላ ሥር ዓመት ያህል ሊደርቅ እንደሚገባው ማን ነገረው? ይህ ትምህርት ዶላር አይጠይቅም። አስተማሪና አንድ ካሜራ ይበቃዋል።

የእኛው ቴሌቪዥንስ? እሱማ ሪባን ይወዳል! ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ «ኢትዮጵያ ታምርት» የሚል መፈክር በየቀኑ ሰምተናል። ባለሥልጣኑ ነጭ ጋውን ደርቦ፣ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ ማሽን ፊት ቆሞ፣ ስለ ሥራ ፈጠራ ይሰብካል። ካሜራው ከሄደ በኋላስ? እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ሸራ ለብሶ የተቀመጠ መላጊያ ማሽን አለ። ለምን አይሠራም ብዬ ስጠይቅ፣ ሦስት ፌዝ መብራት የለም ተባልኩ። ሠልጣኞቹስ በምን ይማራሉ? በደብተር! መላጊያን በጠመኔ ሥዕል ይማራሉ። በአንድ ማሽን ዋጋ ስንት መሮ፣ ስንት ሞረድ፣ ስንት የእጅ መላጊያና ሞርሳ ይገዛ እንደነበር አስሉት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከገንዘቡ በላይ ንቀቱ ነው። ይህ አገር ባለ እጅን «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ» እያለ ሲያዋርድ የኖረ አገር ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ከአዋጁ በኋላ ስድቡ ቢቀንስ፣ ዛሬ በአዲስ ስም መጥቷል፤ «ኋላ ቀር»። በመሮ የሚሠራ ኋላ ቀር፣ ከውጭ የመጣ የተጨመቀ ብናኝ ገዝቶ የሚገጣጥም ዘመናዊ! ያ የብናኝ ቁም ሣጥን የክረምት እርጥበት ሲነካው እንደ ቂጣ ያብጣል። ከዋንዛ በእጅ የተሠራውን አያቴ ለእናቴ አወረሰቻት።

እናም ባለ ጣቢያዎች፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ስጡን። ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ኑና በጥልቆ ቀንበር የሚያስተካክለውን አያ እንትናን ቅረጹ። ሲሳሳትም አትቁረጡት። ቀረጥ የምትሰበስቡት ደግሞ መሮ፣ ሞረድና የእጅ መጋዝ የቅንጦት ዕቃ አለመሆናቸውን እወቁልን። በጦርነቱ ለተጎዱት የሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶች ዴስክ ስታሠሩም የጨረታው መመዘኛ የማሽን ብዛት አይሁን፤ ዴስኩ ላይ ሦስት ተማሪ አስቀምጡና ወዝውዙት። ካልተነቃነቀ ገንዘቡን ክፈሉ።