«ማን ታሰረ?» ሳይሆን «ለምን ታሰረ?»

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሚያዝያ 19 ቀን 2004 ዓ.ም. እዚሁ አርሲ፣ አሳሳ ላይ ወንድሞቻችን በጥይት ወደቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሰላማዊ ጥያቄያችንን እንዲያቀርቡልን የመረጥናቸው የኮሚቴ አባላት ወደ ማዕከላዊ ተወሰዱ። ፍርድ ቤት ሳይፈርድባቸው «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም በቴሌቪዥን ፈረደባቸው። ከጥቂቶች በቀር አገሩ ዝም አለ። የዝምታን መራራነት የምናውቀው ቀምሰነው ነው። ዛሬ ስለ ሌሎች እስር የምንናገረውም ለዚህ ነው።

በዚህች አገር ጦርነት በመጣ ቁጥር ሰው በሠራው ሳይሆን በተወለደበት ይታሰራል። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ሶማሊያ ወደሚገኘው የደናኔ እስር ቤት አጋዘ። ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩበት። ብዙዎች በበሽታና በረሃብ እዚያው ቀሩ። ይህን ያደረገው ወራሪ ነው እንበል። ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ግን ሰዎችን በኤርትራዊነታቸው ብላቴ ያጎረው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩትን ከቤት ንብረታቸው ነቅሎ ድንበር ያሻገረው የገዛ አገራችን መንግሥት ነበር። የአስመራው መንግሥትም በኢትዮጵያውያን ላይ ያንኑ አድርጓል።

በ2009 ዓ.ም. ተራው የኦሮሞና የአማራ ወጣት ሆነ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ታፍሶ ጦላይ፣ አዋሽና ብር ሸለቆ ገባ። ሲለቀቁ «አይደገምም» የሚል ቲሸርት አለበሷቸው። ተደገመ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ሌላ አዋጅ ታወጀ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የትግራይ ተወላጆች ከቤታቸውና ከሥራ ቦታቸው ተለቀሙ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል፣ አረጋውያንና ልጅ የያዙ እናቶችም እንዳሉበት በወቅቱ ገልጿል። በመስከረም 2017 ደግሞ በአማራ ክልል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታፍሰው ዳንግላ፣ ኮምቦልቻና ሸዋ ሮቢትን በመሳሰሉ ቦታዎች ታጎሩ።

ካምፑ ያው ነው፤ የሚገባው ሰው ብቻ ይቀያየራል። በ2009 «ልጆቻችን የት ገቡ?» ብሎ ሲጮህ ከነበረው ብዙው በ2014 «ይገባቸዋል» አለ። በ2014 «ይገባቸዋል» ካለው ብዙው በ2017 «ሰው የለም ወይ?» ብሎ ተጣራ። ሞጣ ላይ መስጊድ ሲቃጠል ያልተሰማው ድምፅ ቤተ ክርስቲያን ሲነካ ይሰማል። ሞጣን አውግዞ በሰኔ 2012 በአርሲ የክርስቲያን ጎረቤት ቤት ሲነድ የጠፋ ድምፅም አለ። ይህ በደልን መጥላት አይደለም፤ የራስን ወገን መቁጠር ነው። አሳሪውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ተራ በተራ ካሰረ ተራ በተራ ብቻ እንደሚጮህበት ያውቃል።

«በጦርነት ጊዜ መንግሥት ራሱን መከላከል የለበትም ወይ?» የሚሉ አሉ። ይከላከል። ወንጀል የሠራውን በስሙ ይያዝ፣ ማስረጃ ያቅርብ፣ ፍርድ ቤት ያቁም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይህን ሊያግድ ይችላል ቢባል እንኳ፣ ሰው በብሔሩና በሃይማኖቱ እንዳይለይ የሚከለክለውን አንቀጽ 25 ምንም አዋጅ ሊያግደው እንደማይችል አንቀጽ 93 በግልጽ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሰውን በዘሩ ማሰር በሰላምም በጦርነትም ሕገ ወጥ ነው።

አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች በካምፕ አጉራ ነበር። አብዛኞቹ የራሷ ዜጎች ነበሩ። ኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ወታደራዊ ምክንያት እንዳልነበረው፣ መነሻው የዘር ጥላቻ፣ የጦርነት ድንጋጤና የመሪዎች ድክመት እንደሆነ አረጋገጠ። መንግሥት በ1988 ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር ካሰ። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ሙስሊሙ በጅምላ ሲጠረጠር፣ በልጅነታቸው ካምፕ ውስጥ ካደጉት ጃፓናውያን መካከል ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው የቆሙ ነበሩ። ሃይማኖታቸው ሌላ ነው፤ የበደሉን መልክ ግን ያውቁት ነበር።

ለእኛስ ከነጃሺ የቀረበ ምን ምሳሌ አለ? የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው መጥተው «ስደተኞቹን አሳልፈህ ስጠን» ሲሉት፣ ቃላቸውን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። ጀዕፈርን ሰማ፣ ስጦታውን መለሰ። ዘራቸውንም አገራቸውንም አልቆጠረም። በዚህ ታሪክ የማይኮራ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም የለም። በስሙ የሚጠራው የነጋሽ መስጊድ በ2013 በጦርነቱ ሲጎዳ ግን ከስንት ሚንበር ተሰማ? ለጋዛ ቁኑት የሚያደርግ ጀመዓ መልካም አድርጓል። ያው እጅ ለነጋሽም፣ ለዳንግላም፣ ጦላይ ለከረመው የአርሲ ልጅም ይዘርጋ። ሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 8 ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስጥለን ያዘናል። ትእዛዙ የመጣው ለምንወደው ሰው ፍትሕ እንድንጠይቅ ብቻ አይደለም፤ ለዚያማ ትእዛዝም ባላስፈለገ።

ስለዚህ ጥሪያችን ይህ ነው። ኢማሞቻችን በጁሙዓ ዱዓቸው ያለ ክስ የታሰሩትን ሁሉ ዘርና ሃይማኖት ሳይለዩ ያካትቱ። በየቀበሌው ሰው ተወሰደ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ክሱ ምንድን ነው? የት ነው ያለው? ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይ?» ይሁን። ሽማግሌዎቻችን ስለ ሙስሊሙ ወጣት ወደ ፖሊስ ጣቢያ በሚሄዱበት እግር ስለ ክርስቲያኑም ይሂዱ። የጎረቤቱ ቤተሰብ ስንቅ ማቀበል ቢፈራ እኛ እናቀብል።

ለሁሉም የማይጮህ ድምፅ ለራሱም ሲጮህ የሚያምነው አያገኝም። አላህ በፍትሕ ከሚቆሙት ያድርገን። አሚን።