ቅብ መደራረብ የእናቶቻችንን ሙያ አያጠፋም



ወጣቶቻችን በዕብራይስጥ ግላዙራ የሚባለውን መስታወት መሰል ቅብ ሸክላ ላይ ሲደራርቡ፣ «ይህ የፈረንጅ ነው፣ የእናቶቻችንን ሙያ ያጠፋል» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም።

እናቶቻችን ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ይሠሩት የነበረው ሸክላ ግላዙራ አልነበረውም፤ የሚቃጠለውም ሜዳ ላይ በሚነድ እሳት ነበር። እዚህ የሚሠራበት ጠንካራው ሸክላ ግን በእቶን ውስጥ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። በዚያ ሙቀት የታችኛውና የላይኛው ቅብ አብረው ይቀልጡና አንዱ ለብቻው የማይሰጠው ቀለም ይወጣል። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ውጤቱ ብዙ ጊዜ ይለወጣል። የታችኛው ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም ማለት ነው።

እርግጥ ልክ አለው። ከበዛ ቅቡ ይፈስና ዕቃውን ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ የዕቃው ቂጥ ሳይቀባ ይተዋል፤ አስቀድሞም በቁራጭ ሸክላ ይሞከራል።

ሙያውን የሚያጠፋው ማፈር ነው። እናቶቻችን ሸክላ ስለሠሩ «ቡዳ» ተብለው ተሰድበዋል። ያ ስድብ እዚህ ድረስ ተከትሎን ልጆቻችን ጭቃ እንዳይነኩ ካደረገ፣ ተሳዳቢዎቹ አሸነፉ ማለት ነው። አያቶች ጭቃ ማቡካቱንና ቅርጽ ማውጣቱን ያሳዩ፤ ልጆችም ቅቡን ይማሩ።

ቸር ሰንብቱ።