አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ሰሞኑን አንድ ጓደኛችን «ያገለገለ አውሮፕላን የሚገዛ አየር መንገድ የደኸየ ነው» ሲል ሰማሁ። በዙሪያው የነበሩትም በአሳቡ የተስማሙ መሰለኝ። እኔ ግን አልተስማማሁም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ የዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ተረከበ። ሁለቱም በጊዜያቸው ተገቢ ነበሩ።

ነገሩ የሒሳብ ነው። አሮጌው ዋጋው ይረክሳል፤ ነዳጅና ጥገናው ግን ብዙ ይበላል። አዲሱ ነዳጅ ይቆጥባል፤ የብድሩ ወለድ ግን ቢበርም ባይበርም ይቈጠራል። ስለዚህ አዲሱ የሚያዋጣው ሌት ተቀን ሲበር፣ ወንበሩም ሲሞላ ነው። በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚበር ሥራ ያገለገለው ሊሻል ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መንገደኛውን ቤቱ ባስቀረ ጊዜ፣ አየር መንገዳችን የአንዳንድ አውሮፕላኖቹን ወንበር አንሥቶ ዕቃ ጫነባቸው። ቆሞ የሚውል አውሮፕላን፣ አዲስም ቢሆን፣ ዕዳ ነውና።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ አዲስ አውሮፕላን ቦሌ ሲያርፍ እናጨብጭብ። ካጨበጨብን በኋላ ግን «በቀን ስንት ሰዓት ይበራል? ብድሩስ መቼ ያልቃል?» ብለን እንጠይቅ። ይህ ምቀኝነት አይደለም፤ ንብረቱ የሕዝብ ነው።