የወተት ላምና ባሕረ ሐሳብ

አንድ የአጥቢያችን ካህን በሰኔ ወር ወደ ቤቴ መጥተው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ግን «መምህር፤ ልጄን ለትምህርት ብዬ ብልከው ላም አላቢ ሊያደርጉት ነው» ሲሉ ምሬታቸውን ገለጹልኝ። ልጁ በአንድ የግብርና ኮሌጅ የወተት ከብት እርባታንና የእርሻ ንግድ አስተዳደርን የሚማር ነው። «አባታችን፤ ከማለቡ በላይ ምን ይማራል ብለው ጠይቀውት ያውቃሉ?» ብላቸው፣ አልጠየቅሁትም አሉ።

ይህ ቅሬታ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት መማር ማለት ከበረት ወጥቶ በወንበር መቀመጥ ነው። ነገር ግን የአገራችን የእርሻ ከፍተኛ ትምህርት ከመነሻው በዚህ ሐሳብ አልተተከለም። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የዓለማያ ኮሌጅ፣ በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ተፀንሶ፣ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን ረዳትነት ትምህርቱን በጅማ ጀምሮ፣ ኋላም ወደ ሐረርጌ ተዛውሮ በ1950 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲመረቅ፣ ዓላማው ማስተማርን፣ መመራመርንና ለገበሬው ማድረስን በአንድነት ማስተባበር ነበር።

ላምን በመጽሐፍ ብቻ መማር አይቻልም። ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ እንደምትፈልግ፣ ምልክቱ በማለዳ ከታየ በዚያው ማታ፣ ማታ ከታየ በማግሥቱ ጧት ብትዳቀል እንደሚሻል መጽሐፉ ይናገራል፤ ይህንንም ማንም በአንድ ሌሊት ያጠናዋል። ዳሩ ግን ምልክቱ ብዙ ጊዜ በሌሊት ታይቶ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ተኝቶ ያደረ ተማሪ አያየውም፤ ያላየውም ምልክት የሌላ 21 ቀን መኖ ዕዳ ሆኖ በመዝገቡ ላይ ይጻፋል። እንደዚሁም ግትን በለብታ ውኃ አጥቦ ማድረቅ፣ የመጀመሪያውን ጥቂት ወተት በጥቁር ዕቃ ላይ አልቦ የረጋ ነገር እንዳለበት መመልከት፣ ወተቱ የሚወርድበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ ሳይዘገዩ ማለብ፣ ጥጃውን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ማጥባት፤ ይህ ሁሉ የጣት ትምህርት ነው። (እናቶቻችን የወተቱን ዕቃ በወይራ ማጠናቸው ለሽታው ብቻ እንዳይመስለን፤ ጢሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል።)

ኮሌጅ ሁሉ ግን እንዲህ ያስተምራል ማለቴ አይደለም። በአንዱ ዘንድ ተማሪዎች ከአጥር ውጭ ቆመው፣ አንድ ሠራተኛ ሲያልብ እያዩ በደብተራቸው ሲጽፉ ተመልክቻለሁ። ይህ ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ቆሞ ዲቁና ተማርሁ እንደ ማለት ነው። ለተማሪው አንዲት ላም ለአንድ ዓመት ሊሰጠው፣ ፉሩሽካውንና ፋጉሎውን መዝኖ ሊያበላ፣ ወተቱን ለክቶ ሊሸጥ፣ ገቢና ወጪውን በእጁ ሊጽፍ ይገባል። ዓመት ያልሁትም በምክንያት ነው፤ ዓመቱ ጾምን ይዟልና።

ከውጭ አገር የመጣ የንግድ መጽሐፍ ይህን አይነግረውም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት፣ ፍልሰታ፣ እንዲሁም ከበዓለ ኀምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ አሉ። በእነዚህ ቀናት ወተት ገዢ ያጣል፤ ላም ግን ረቡዕን ከሐሙስ አትለይም። ሳትታለብ ብትውል ግቷ ይታመማል፤ ወተቷም ይነጥፋል። እርግጥ ነው፣ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ለፋሲካ ሊቆይ ይችላል፤ ሕፃናት፣ ሕሙማንና የማይጾሙ ጎረቤቶችም ወተት ይሻሉ። ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ሌላ ነው።

ላም የምታረግዘው 280 ቀን ያህል ነው፤ ከመውለዷ በፊትም 60 ቀን ያህል ሳትታለብ ብታርፍ ለሚቀጥለው ወተቷ ይበጃታል። እንግዲህ ይህን ዕረፍት በዐቢይ ጾም ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ለምሳሌ የ2019 ዓ.ም. ፋሲካ የሚውለው ሚያዝያ 24 ቀን ነው፤ ዐቢይ ጾምም የካቲት 29 ቀን ይገባል። ሐምሌ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. የተዳቀለች ላም ሚያዝያ 17 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ የካቲት 17 ቀን ማለቧ ይቆማል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንገር ለጥጃዋ ትታ፣ ለገበያ የሚሆነው ወተቷ በፋሲካ ዋዜማ ይደርሳል። ላም ሁሉ በመጀመሪያው አትይዝም፤ ቀኑም ጥቂት ወዲያና ወዲህ ይላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስወለድም ለዓመቱ የቀረ ወር ገቢ ስለሚያሳጣ ከበረቱ የተወሰኑትን ብቻ ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እኒያ ካህን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አገኙኝ። ልጃቸው ለክረምት ዕረፍት መጥቶ፣ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ «አባዬ፣ የሚመጣው ፋሲካ መቼ ይውላል?» ብሎ ጠየቃቸው። ምነው አሁን በክረምት ቢሉት፣ ለላሞቹ ነው አላቸው። መጥቅዑንና አበቅቴውን አውጥተው ቀኑን ነገሩት። እርሱም ከዚያ ላይ 280 ቀን ወደ ኋላ ለመቁጠር ወረቀት ሲፈልግ፣ አባት በጣታቸው ቀደሙት። «ጳጉሜን ረስቶ ነበር» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ።