ስለ ላፕቶፕ መግዛት፤ ትርፍ ዋጋ የሚገባው መቼ ነው?

በዚህ ወር ከምሥራቅ ጎጃም ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውናል፤ አንዱ ከብቸና፥ ሁለተኛው ከሞጣ ነው። የጻፉልን ሰዎች አይተዋወቁም፤ የሚጠይቁን ግን አንድ ነገር ስለ ሆነ ባንድነት ልንመልስላቸው ወደድን። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ላፕቶፕ የሚባለውን፥ ማለት በጭን ላይ ተቀምጦ የሚሠራበትን ኮምፒውተር ሊገዙ በሄዱ ጊዜ ነጋዴው መልካቸው አንድ ሆኖ ዋጋቸው በብዙ የሚለያይ ሁለት ዓይነት አቀረበላቸው። ትልቁን መግዛት ይገባልን? ወይስ ትንሹ ይበቃል?

የብቸናው ጸሐፊ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም ናቸው። የቀረበላቸው አንደኛው ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር፥ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው በ78 ሺህ ብር ነው። ሁለተኛው ኮር አይ 7፥ 16 ጊጋባይት ራምና 512 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው በ112 ሺህ ብር ነው። ልዩነቱ 34 ሺህ ብር ይሆናል። ይህም ገንዘብ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ ለሚማረው ልጃቸው ለኪራይና ለቀለብ ካስቀመጡት ላይ የሚነሣ ነው። ነጋዴውም «ትንሹን የገዛ በዓመቱ ይጸጸታል» ብሎ አስፈራርቷቸዋል።

የሞጣዋ ወይዘሮ ደግሞ ባላቸው የሞተባቸው ሲሆኑ ልጃቸው በባሕር ዳር የሥነ ሕንፃ ትምህርት ትማራለች፤ ለመጨረስም ሦስት ዓመት ቀርቷታል። ዋጋው ከብቸናው እምብዛም አይለይም። ልጅቱ ትልቁን ለመነች፤ አጎቷ ግን «ኮምፒውተር ያው ኮምፒውተር ነው፤ ሁለት ኩንታል ጤፍ ከነጭማሪው ለቅንጦት አይሸጥም» ብለው ተቈጡ። እናትየው በሁለቱ መካከል ሆነው ነው የጻፉልን።

ከመፍረዳችን በፊት ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ክፍሎች ምን እንደ ሆኑ ማወቅ ያሻል። ያገራችን ሰው በቶሎ እንዲያስተውለው በዐውድማ እንመስለው። ፕሮሰሰር የሚባለው በዐውድማው ላይ የሚያበራዩት በሬዎች ናቸው። ራም የሚባለው ዐውድማው ራሱ ነው፤ በዚያች ሰዓት የሚሠራው ሥራ ሁሉ የሚዘረጋበት ስፍራ ነው። ማከማቻው ደግሞ ጎተራው ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ በዐውድማው ላይ ያለው ይበተናል፤ ወደ ጎተራ የገባው ግን ይቆያል። እንግዲህ ዐውድማው የጠበበ እንደ ሆነ በሬ መጨመር ምን ይረባል? እርስ በርሳቸው ይጋፋሉ እንጂ ሥራው አይፈጥንም። በኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ራሙ በሞላ ጊዜ ሥራውን ወደ ማከማቻው እያመላለሰ ስለሚያኖር እጅግ ይንቀራፈፋል፤ ባለቤቱም ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ እየመሰለው በሚቀጥለው ጊዜ በሬ ሊገዛ ይሄዳል።

ጎተራውም ሁለት ዓይነት ነው። ሃርድ ዲስክ የሚባለው የቀድሞው በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ ስላለው ዘገምተኛ ነው፤ በርቶ ሳለ ቢናወጥም ይጐዳል። ኤስኤስዲ የሚባለው ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ፍጥነቱም ከፊተኛው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዕቃ ይዞ የተጓዘ ሰው ለዚህ ነገር ብዙ ማስረጃ አያሻውም። ስለዚህ ማንም ቢሆን ኤስኤስዲ የሌለውን፥ ዋጋው ቢረክስም፥ እንዲገዛ አንመክርም።

ስለ ፕሮሰሰሩ ስም ግን ብዙ ሰው ይታለላል፤ እኛም ከተታለሉት መካከል ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ «ይህ አይ 7 ነው» ብሎ ያገለገለ ኮምፒውተር ቢያሳየን፥ 7 ከ5 ይበልጣል ብለን ዋጋ ጨምረን ገዛን። ቤት ገብተን ብንመረምረው አይ 7 7500ዩ የሚባለው፥ በፈረንጆች 2016 የወጣ፥ ሁለት ኮር ብቻ ያለው ሆኖ ተገኘ። ከዚያው ሱቅ በርካሽ የተውነው አይ 5 8250ዩ ግን በ2017 የወጣ ሆኖ አራት ኮር ነበረው። ይህም ማለት ከአራት በሬ ሁለት በሬ በውድ ዋጋ ገዛን ማለት ነው። ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው ቍጥር ትውልዱን ይናገራልና እሱን ማንበብ ይገባል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፥ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስለማይቀበል፥ ያ ኮምፒውተራችን ዛሬ ስሙ ብቻ ቀርቶለታል።

ሁለተኛው መጠየቅ የሚገባው፥ የጐደለውን በኋላ መጨመር ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ነው። በብቸና አቅራቢያ ባለው በዲማ ጊዮርጊስ እንዳሉ ባሉ የትምህርት ቦታዎች ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፥ የመጽሐፍ ልባስ ቢያረጅ በሌላ ይለወጣል፤ ብራናው ክፉ ከሆነ ግን መጽሐፉን እንደ ገና ከመጻፍ በቀር መድኃኒት የለውም። በአንዳንዱ ላፕቶፕ ራሙ በቦታው ተሰክቶ የሚወጣና የሚገባ ስለ ሆነ እንደ ልባሱ ነው። በሌላው ግን ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበይዶ ስለሚሠራ እንደ ብራናው ነው፤ በገዙት መጠን ይኖሩበታል። የአፕል ኩባንያ ማክቡክ እንዲህ ነው። ኩባንያው እስከ ጥቅምት ወር 2024 እንደ ፈረንጆች ድረስ ማክቡክ ኤርን በ8 ጊጋባይት ራም ጀምሮ ይሸጥ ነበርና 16 የፈለገ ሰው 200 ዶላር ይጨምር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መነሻውን 16 አድርጎታል።

ቀድሞ ለሁሉም «ትንሹን ግዙ፥ ራሙን በኋላ ጨምሩ» እንል ነበር። በፈረንጆች 2025 መጨረሻ ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠራባቸው ታላላቅ ማእከሎች ራም በብዛት ስለ ተፈለገ ዋጋው በዓለም ሁሉ በብርቱ ወጣ። በእኛም አገር ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ «በኋላ እጨምራለሁ» የሚለው አሳብ የቀድሞውን ያህል የሚታመን አይደለም።

እንግዲህ ወደ ብቸናው ወዳጃችን እንመለስ። ክቡር ሆይ፥ ሥራዎ ደብዳቤ መጻፍና የሒሳብ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነው፤ ለዚህ 8 ጊጋባይት ራም ይበቃዎታል። የአማርኛ ፊደል ለመጻፍ ብርቱ ኮምፒውተር ያሻል ብሎ የነገረዎ ሰው ተሳስቷል፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ከገባበት ከ1999 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ ለፊደላችን ሲባል ዋጋ የሚጨመርበት ምክንያት የለም። ትንሹን ይግዙ። ነገር ግን ማከማቻው ኤስኤስዲ መሆኑን፥ ራም የሚጨመርበት ባዶ ስፍራ መኖሩን፥ ፕሮሰሰሩም የቅርብ ጊዜ ትውልድ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። 34 ሺሁ ብር ወደ ደብረ ማርቆስ ይሂድ። ነጋዴው ስለ ጸጸት የተናገረውን ነገር፥ ልጅዎ በትምህርቱ መካከል የቤት ኪራይ ቢያጣ ከሚመጣው ጸጸት ጋር ያመዛዝኑት።

የሞጣው ነገር ግን ሌላ ነው፤ በዚህ አጎትየው ተሳስተዋል ብንል አይቀየሙን። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማሰባቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ስለ ዕቃው ግን ልጅቱ ታውቃለች። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ከሚሠሩባቸው አንዱ ሬቪት የሚባለው ፕሮግራም ነው። አዘጋጁ ኩባንያ ለቅርብ ጊዜዎቹ እትሞች ከሁሉ ያነሰው ብሎ የጻፈው የራም መጠን 16 ጊጋባይት ነው። ስለዚህ የ8ቱ ኮምፒውተር ለእሷ ርካሽ አይደለም፤ የማያገለግል ነው። 78 ሺህ ብር ከፍለው ገዝተውላት፥ እሷ እንደ ዛሬው ጓደኛዋ እስክትተኛ ጠብቃ በሰው ኮምፒውተር ሌሊት የምትሥል ከሆነ የጠፋው 34 ሺህ ሳይሆን 78 ሺህ ነው። ትርፉ ዋጋ በቀሩት ሠላሳ ስድስት ወራት ቢካፈል በወር 944 ብር ገደማ ይሆናል። ቀላል ነው አንልም፤ ጤፉን ያመረተው ሰው ክብደቱን ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

ደግሞም ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የሚዘነጋ የለም። ሥራውን ሁሉ በኢንተርኔት ያስቀመጠ ተማሪ በዚያ ዘመን ምን እንዳገኘው ወላጆች ያውቃሉ። የእሷ ሥዕሎች በገዛ ኮምፒውተሯ ሊቀመጡ ይገባልና የ512ቱ ጎተራ ለእሷ ትርፍ አይደለም።

ይሁን እንጂ «ለሥዕል ነው» ሲሉ ነጋዴው ሦስተኛ ዓይነት፥ ለጨዋታ የተሠራውንና ባለ ትልቅ ግራፊክስ ካርዱን ቢያወጣላቸው ዝም ብለው ይለፉት። ካርዱ ለሕንፃ ሥዕል ይረዳል፤ ነገር ግን እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ ከ180 ዋት በላይ የሚስብ ባትሪ መሙያ ያሻቸዋል፥ ተራው ላፕቶፕ ግን 65 ዋት ያህል ይበቃዋል። መብራት በጠፋበት ማታ ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ ኮምፒውተር ለተማሪ አይመችም።

ሌላም መንገድ አለ። ለመሥሪያ ቤት ተብሎ ጠንክሮ የተሠራ፥ ያገለገለ፥ ነገር ግን 16 ጊጋባይት ራም ያለውና ትውልዱ ከ8ኛው በላይ የሆነ ኮምፒውተር በገበያ ይገኛል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከትልቁ አዲስ በጣም ያንሳል። የባትሪው ዕድሜ ይመርመር፤ ማያው ላይ ነጥብና መሥመር እንዳይኖር ይታይ። እንዲህ ያለው ቢገኝ ከጤፉ አንዱ ኩንታል በቤት ይቀራል።

በሚገዙበት ቀን ልጅቱ ራሷ ትሂድ። ካሠራችው ሥዕል ከባዱን በፍላሽ ይዛ፥ ገንዘቡ ሳይቈጠር በዚያው በሱቁ ውስጥ ከፍታ ታገላብጠው። አጎትየውም አብረዋት ሄደው ከአጠገቧ ቆመው ቢያዩ ደስ ይለናል።